ህመም ሁሉ ቁስል አይደለም

ለአዘጋጁ፦

ስለ ሥር የሰደደ ህመም ያወጣችሁት ጽሑፍ ህመምን የቁስል መጠን መለኪያ አድርጎታል። አልስማማም። በር ጣት ሲቀረቅር መጀመሪያ ስል ውጋት፣ ቀጥሎ የሚያቃጥል ጥዝጣዜ ይመጣል፤ ፈጣኑና ዘገምተኛው ነርቭ ለየብቻ ስለሚያደርሱት ነው። አንጎልም መልእክቱን አንድ ቦታ አያስተናግድም። አንዱ ክፍል «የት ነው?» የሚለውን ሲለይ፣ ሌላው «ምን ያህል ያስጨንቃል?» የሚለውን ይይዛል። እግሩ የተቆረጠ ሰው የሌለ ጣቱን ሲያመው ታዲያ የጣቱ ቁስል የት አለ? ምርመራው ንጹሕ ስለሆነ ብቻ «ምንም የለብህም» ብሎ መሸኘት፣ በእኔ እይታ፣ በታማሚው ላይ ሌላ ህመም መጨመር ነው።

ሐኪሞች የህመሙን ብርታት የሚገልጽ ከ0 እስከ 10 ያለ ቁጥር ብቻ አይጠይቁ። ይወጋል፣ ያቃጥላል ወይስ ይነዝራል? እንቅልፍስ ይነሳል? መልሱም በታካሚው ካርድ ላይ ይስፈር።