የዋካው ባለቤት ማን ነበር?

ይድረስ ለክቡር አዘጋጅ፣

የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ስለ እርከኑና ስለ ድንጋይ ካቡ ብዙ ተጽፏል፤ የቅርሱ ግማሽ በሽማግሌዎች አንደበት ያለ መሆኑ ግን እምብዛም አይነሳም። በመቃብር ላይ የሚቆመው የእንጨት ሐውልት፣ ዋካ፣ ሟቹን ከሚስቶቹ እንዲሁም ከገደላቸው ጠላቶችና አውሬዎች ጋር ያሳያል እንጂ የማንንም ስም አይናገርም። የትኛው ምስል የማን እንደሆነ፣ ጀግናው በምን ውጊያ እንደተሰለፈና ከየትኛው ጎሳ እንደነበረ የሚያውቁት አዛውንቶቹ ናቸው። እንጨቱን ዝናብና ምስጥ ይበላዋል፤ ከመቃብሩ ተነቅሎ የተሸጠውም ጥቂት አይደለም፤ ተይዞ በኮንሶዋ ከተማ በካራት ወዳለው ሙዚየም የገባው ደግሞ ባለታሪኩ ካልታወቀ፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ከተጠረበ ግንድ ብዙም አይሻልም።

ስለዚህ የሚመለከታቸው የባህል መሥሪያ ቤቶችና በአካባቢው ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች የኮንሶ ወጣቶችን አሰልጥነው የሽማግሌዎቹን ቃል በራሳቸው ቋንቋ በድምፅና በምስል እንዲያስቀዱ፣ ቅጂውንም አዲስ አበባ ከመቆለፍ ይልቅ በየቀበሌው ትምህርት ቤት እንዲያስቀምጡ እጠይቃለሁ። ቃሉን ለሚቀዳው ወጣት አበል የሚታሰብ ከሆነ፣ የእርሻ ሥራውን አቋርጦ ለሚያስረዳው ሽማግሌም ሊታሰብለት ይገባል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ