ለሴቶችና ማህበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር፦ የረዳቶቻችን ሥራ በሕግ ይታወቅ

የተከበራችሁ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች፣

የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። በዊልቸር ነው የምንቀሳቀሰው። ሥራ አለኝ፤ የቤት ኪራዬንም ራሴ እከፍላለሁ። ይህ ሁሉ የሆነው ግን ጠዋትና ማታ እየመጣ የሚያግዘኝ ወጣት ስላለ ነው። ከአልጋ ያነሳኛል፤ ያለብሰኛል፤ ታክሲ ያሳፍረኛል። እሱ የቀረ ቀን እኔም ከሥራ እቀራለሁ።

ብዙ ሰው ረዳት ሲባል የሚታየው አዛኝ ዘመድ ነው። ዘመዶቼን እግዜር ይስጣቸው። ግን ዘመድ የሚመጣው ሲመቸው ነው። እኔንም ይሉኝታ ይይዘኛል። ሽንት ቤት መሄድ እየፈለግኩ «አሁንስ አበዛሁት» ብዬ ዝም ያልኩበት ጊዜ ብዙ ነው። ደመወዝ የምከፍለውን ረዳት ግን «ነገ ቀደም ብለህ ና» ማለት እችላለሁ። መቼ እንደምነሳ፣ ምን እንደምለብስ፣ የት እንደምሄድ የምወስነው እኔ ነኝ። ራሴን ችዬ መኖር የምለው ይህንን ነው።

ጉዳይ ለማስፈጸም አንድ ቢሮ ስገባ ሠራተኛዋ እኔን ትታ ረዳቴን «ምን ፈልጎ ነው?» አለችው። «እሱን ጠይቂው» አላት። ሥራው የገባው ረዳት እንዲህ ነው። ሥልጠና ቢኖር መጀመሪያ ሊሰጥ የሚገባውም ይኸው ነው።

ሐሳቡ ለሕጋችን እንግዳ አይደለም። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ አንቀጽ 19 ላይ የግል ረዳትን በስሙ ይጠራል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ረዳት እንዲመድብ ያዛል። ቢሮ እስክደርስ ያለው ጣጣ ግን የራሴ ነው። የረዳቴ ደግሞ ይብሳል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን፣ ማለትም እንደ ረዳቴ ያለውን፣ ከሽፋኑ ያወጣል፤ የሥራ ሁኔታውን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይተወዋል። ስለዚህ የዓመት ፈቃዱም ሆነ የሕመም ፈቃዱ በእኔ ደግነት ላይ ቆሟል። ይህ ለእሱም ለእኔም አይገባም።

የኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገዱን አስፍቶልናል፤ ለዊልቸር በእውነት ተመችቷል። ከፒያሳ የተነሱት ግን ወደየሰፈሩ ተበትነዋል። ጎረቤት ውኃ ሲቀዳላቸው፣ መድኃኒት ሲገዛላቸው የኖሩ አረጋውያን አሁን የማያውቁት ሰፈር ውስጥ ናቸው። የእነዚያን ጎረቤቶች ሥራ ማን ይሥራው?

ወደ አረብ አገር ለሚሄዱ እህቶቻችን የቤት አያያዝና የእንክብካቤ ሥልጠና አለ፤ የብቃት ምዘናም አለ። ይኸው ለአዲስ አበባ አረጋዊ ለምን አይሆንም? የከተማ ሴፍቲኔት መሥራት ለማይችሉ ሰዎች ብር ይሰጣል። መሥራት የሚችሉት ደግሞ አካባቢ ያጸዳሉ፤ ችግኝ ይተክላሉ። ከእነሱ ውስጥ ፈቃደኞቹ ሠልጥነው ቤት ለቤት ቢያግዙ፣ ክፍያውም ለዚህ ቢውል፣ ብር እያለው ውኃ የሚያቀብለው ያጣ ሰው ይጠቀማል።

ከእናንተ የምጠይቀው ይህን ነው። የግል አገልግሎት ደንቡ የአካል ጉዳተኞችንና የአረጋውያንን ረዳቶች ለይቶ እንዲያካትት ግፉበት። ሲረቀቅም ረዳቶቹንም እኛንም ጥሩን። ረዳታችንን የመምረጥ፣ ካልተስማማን የመቀየር መብታችን ይጻፍበት።

ከአክብሮት ጋር፣
የአራት ኪሎ ነዋሪ