ሌዘር ሁሉ ከአቶም አይመነጭም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በሳይንስ ዓምዳችሁ ስለ ሌዘር ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አንብቤዋለሁ፤ ተማሪዎቼም ገጹን ቆርጠው በክፍላችን ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል። ነገር ግን የሌዘር ብርሃን የሚመነጨው በአቶም ውስጥ ካሉ ኤሌክትሮኖች እንደሆነ የሚገልጸው ዐረፍተ ነገር አማራጭ የሌለው ሕግ ተደርጎ ስለተጻፈ እርማት የሚያስፈልገው ይመስለኛል። አባባሉ ለአብዛኞቹ ሌዘሮች እውነት ነው። ዛሬ እጅግ ደማቅ የሆነውን የራጅ ብልጭታ የሚሰጡት መሣሪያዎች ግን በቅንጣት አፋጣኝ ውስጥ ወደ ብርሃን ፍጥነት የተጠጉ፣ ከማንኛውም አቶም የተላቀቁ ኤሌክትሮኖችን የሚጠቀሙ ስለሆኑ ነፃ ኤሌክትሮን ሌዘር ይባላሉ። ይህንን በክፍል ውስጥ ሳነሣ አንዲት ተማሪዬ «ኤሌክትሮኑ ከአቶም ከወጣ ብርሃኑን ከየት ያመጣዋል?» ብላ ጠየቀችኝ። ለጥያቄዋ መልስ ፍለጋ የጣሊያናዊውን የፊዚክስ ሊቅ የፕሮፌሰር ክላውዲዮ ፔሌግሪኒን የሥራ ዘመን ከመከተል የተሻለ መንገድ አላገኘሁም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፔሌግሪኒ በ1935 ሮም ውስጥ ተወልደው፣ የምርምር ሥራቸውን የጀመሩት ከዚያው ከተማ አጠገብ በሚገኘው የፍራስካቲ ቤተ ሙከራ ነው። በዚያን ጊዜ የአፋጣኝ ባለሙያዎችን እንቅልፍ የሚነሣው ነገር የኤሌክትሮኖች መንጋ በቧንቧው ውስጥ ሲሽከረከር ከፊት ያሉት ጥለውት የሚያልፉት የኤሌክትሪክ መስክ ከኋላ የሚከተሉትን እየናጠ፣ ንዝረቱ እያደገ ሄዶ መንጋው በሙሉ መጥፋቱ ነበር። በ1969 ፔሌግሪኒ፣ በሌላ በኩል ደግሞ አሜሪካዊው ማቲው ሳንድስ፣ የዚህን አለመረጋጋት ምክንያት በየፊናቸው በስሌት አብራሩት። እዚህ ላይ ትኩረት እንዲሰጥልኝ የምፈልገው፣ ሰውየው የወጣትነት ዘመናቸውን ያሳለፉት ኤሌክትሮኖች እርስ በርሳቸው ተጽዕኖ ሲያደርጉ የሚመጣውን ጥፋት በማጥናት መሆኑን ነው።

በ1971 አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ጆን ሜዲ የነፃ ኤሌክትሮን ሌዘርን ሐሳብ አቀረበ፤ በ1977 ደግሞ ቡድኑ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በዓይን በማይታየው በታሕተ ቀይ ብርሃን መሣሪያውን አሠራው። ሰሜንና ደቡብ ዋልታቸው እየተፈራረቀ በተደረደሩ ማግኔቶች መካከል የሚያልፍ ኤሌክትሮን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዛል፤ ሲወዛወዝም ብርሃን ይረጫል። የተማሪዬ መልስ ይኸው ነው። የሜዲ መሣሪያ ግን ብርሃኑን ለማሳደግ በሁለት መስታወቶች መካከል ያመላልሰው ነበር፤ ራጅን በዚያ መልክ የሚመልስ መስታወት ደግሞ አልነበረም። ስለዚህ የራጅ ሌዘር ለብዙዎች የማይደረስበት ሕልም መስሎ ታየ።

በ1978 ወደ አሜሪካው ብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ የተሻገሩት ፔሌግሪኒ በ1984 ከሮዶልፎ ቦኒፋቾና ከሎሬንዞ ናርዱቺ ጋር ያሳተሙት ጥናት መውጫውን አሳየ። የማግኔቱ ረድፍ ረዥም፣ የኤሌክትሮኖቹም መንጋ ጥቅጥቅ ያለ ከሆነ፣ ኤሌክትሮኖቹ የረጩት ብርሃን ተመልሶ እነርሱኑ ከፊሉን ያፈጥናል፣ ከፊሉን ያዘገያል። በዚህም ምክንያት በአንድ የሞገድ ርዝመት ልዩነት በተቀመጡ ስስ ሽፋኖች ይሰበሰቡና በአንድነት ያበራሉ። ለተማሪዎቼ የማስረዳቸው በቡሄ ሆያ ሆዬ ነው፤ ልጆቹ ዱላቸውን በየፈለጉበት ጊዜ መሬት ላይ ቢመቱ የሚሰማው ኳኳታ ነው፣ እኩል ሲመቱ ግን ደጃፉ ይናወጣል። ልዩነቱ ኤሌክትሮኖቹ አውጪ የሌላቸው መሆኑ ነው፤ የሚያስተባብራቸው ራሳቸው ያወጡት ብርሃን ነው። ይህም በአፋጣኝ ባለሙያ ቋንቋ ሌላ ዓይነት አለመረጋጋት ነው። ፔሌግሪኒ በፍራስካቲ ሊያስወግዱት ይታገሉ የነበረውን የጋራ እንቅስቃሴ በሌላ መልኩ ለብርሃን ምንጭነት አዋሉት፤ እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝም ይኸው ነው።

በ1989 በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኑ፤ በ1992 ደግሞ ስላክ በተባለው የስታንፎርድ ቤተ ሙከራ ከ1966 ጀምሮ ሲሠራበት የቆየው፣ 3.2 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው አፋጣኝ የመጨረሻው አንድ ሦስተኛ ለራጅ ሌዘር እንዲውል ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ ወዲያው አልተተገበረም። በ1998 እርሳቸው የተሳተፉበት ቡድን በታሕተ ቀይ ብርሃን ባደረገው ሙከራ ብርሃኑ ያለ መስታወት ከ100 ሺህ እጥፍ በላይ ማደጉን አሳየ፤ ራጁ ራሱ የታየው ግን በሚያዝያ 2009፣ ሐሳቡ ከቀረበ ከ17 ዓመት በኋላ ነው። የሞገዱ ርዝመት 1.5 አንግስትሮም፣ ማለትም በጠጣር ነገሮች ውስጥ በአቶምና በአቶም መካከል ካለው ርቀት ጋር የሚቀራረብ ነበር። ከመቶ ሜትር በላይ የተዘረጋው የማግኔት ረድፍ መስመሩን ከጥቂት ማይክሮሜትር በላይ እንዳይስት ተደርጎ መደርደር ነበረበት።

ብልጭታው የሚቆየው በፌምቶ ሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ ሚሊዮን ቢሊዮንኛ፣ የሚቆጠር ጊዜ ስለሆነ፣ ሞለኪዩሉ በራጁ ኃይል ከመበታተኑ በፊት ምስሉ ይነሣል። በ2012 ይፋ በሆነ ጥናት፣ የእንቅልፍ በሽታን የሚያስከትለው የትሪፓኖሶማ ተውሳክ ለሕይወቱ የሚያስፈልገው ኢንዛይም ቅርጹ የተነበበው በዚሁ መሣሪያ ነው። በጊቤና በዲዴሳ ሸለቆዎች ከብት የሚፈጀው ገንዲ የሚመጣው ከዚሁ ተውሳክ ቤተሰብ ስለሆነ፣ ጉዳዩ ለአንባቢዎቻችሁ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይመስለኝም።

የአሜሪካ መንግሥት ለፔሌግሪኒ የ2014ን የኤንሪኮ ፌርሚ ሽልማት ሰጥቷቸዋል። ስለ ሳይንቲስቶች ስንጽፍ አብዛኛውን ጊዜ የምንጀምረው ከሽልማቱ ነው፤ እኔ ግን አንድ ሰው ከ1969 እስከ 2009 ለአርባ ዓመታት በአንድ የጥያቄ መስመር ላይ መቆየቱ ለወጣቶች ሊነገር የሚገባው ዋና ነገር እንደሆነ አምናለሁ። እንዲህ ያለውን ታሪክ ተማሪ ከመማሪያ መጽሐፉ አያገኘውም፤ ሊነግረው የሚችለው የእናንተ ዓምድ ነው።

ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩ እንዲታረም፣ ቦታ ከተገኘም የማግኔቶቹን አደራደርና የኤሌክትሮኖቹን ውዝዋዜ የሚያሳይ ሥዕል እንዲታተም በአክብሮት እጠይቃለሁ። ተማሪዎቼ የለጠፉት ገጽ እስካሁን በቦታው ስላለ፣ እርማቱ ሲወጣ ከጎኑ እንለጥፈዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር፣
ከደብረ ብርሃን