የመርከብ ተቅማጥ ለጎንደር ሆቴሎች

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ለጥምቀት ሆቴሎቻችን ሲጨናነቁ በር ላይ የሚቀመጠው የአልኮል ሳኒታይዘር ብቻውን አያስተማምንም። በሽርሽር መርከቦች ትውከትና ተቅማጥ በአብዛኛው የሚያዛምተውን፣ በተጨናነቀ ሆቴልም ሊዛመት የሚችለውን ኖሮቫይረስን አልኮል እምብዛም አይበግረውም። በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 20 ሰከንድ መታጠብ ይሻላል (ቧንቧው ከደረቀ፣ እንደለመድነው፣ ባለቧንቧ በርሜል ይቀመጥ)። እንግዳ ካስመለሰ ጓንትና ጭምብል አድርጎ ትውከቱን በወረቀት ማንሳት፣ ቦታውን በሳሙና ማጠብ፣ ከዚያ በረኪና ማፍሰስ። 5 በመቶ ክሎሪን ካለው በረኪና 100 ሚሊ ሊትር በ900 ሚሊ ሊትር ውኃ ተበርዞ ቢያንስ 5 ደቂቃ ይቆይ። ተበርዞ ያደረ ኃይሉ ይደክማል። ዋናው ጥፋት ግን የታመመ አብሳይ ተቅማጡ በቆመ ማግስት ማዕድ ቤት መግባቱ ነው። ከቆመለት በኋላ 48 ሰዓት ይረፍ፤ ደመወዙም አይቆረጥ፣ አለዚያ ሕመሙን ይደብቃል።

የአካባቢ ጤና ባለሙያ፣ ከጎንደር