ዝናብ መጣ ብለን ስንፈነድቅ «ውረዱ» ላላችሁን

ይድረስ ለአየር ትንበያ ባለሙያ ልጆቻችን፤

ከየጎፍ ተራራ ወዲህ ያለችው ጉብታችን በየካቲት ወር ለሦስት ቀን ነደደች። ማር ቆራጭ ይሁን ከሰል አክሳይ የለኮሳት፣ እሱን ሽማግሌ ይዞታል። የእኔ ጉዳይ ከእናንተ ጋር ነው።

በ2011 ዓ.ም. የስሜን ተራሮች ፓርክ ሲቃጠል ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል እሳት አጥፊ መጥቶ ነበር። ለእኛ ጥድና ወይራ ማን ይመጣል? የቅሬው፣ የዕድራችን፣ ጡሩምባ ተነፋና እስላም ክርስቲያኑ አካፋና እርጥብ ቅርንጫፍ ይዞ ወጣ። ከእናንተ ጋር ያገናኘን የግብርና ባለሙያው ስልክ ነው።

መጀመሪያ «ቀን ነፋሱ ሽቅብ ይነፍሳል፣ ማታ ቁልቁል ይመለሳል፤ ከእሳቱ በላይ አትቁሙ፤ አየሩ እርጥበት ሳያጣ በማለዳ ግቡ» አላችሁን። ይሄንማ እረኛም ያውቀዋል ብዬ ናቅሁት፤ አልዋሽም።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በጦሳ ተራራ በኩል ደመና ጠቆረ። እናቶች እልል አሉ፤ ሼኻችን ዱዓ ጀመሩ። ስልኩ ጮኸ። ከእናንተ አንዷ ነበረች።

«ጋሼ፣ ሰዉን አሁኑኑ ያስወርዱት።»

«ዝናብ መጣልን እኮ፣ ልጄ!»

«ዝናቡ ላይደርስ ይችላል። ከደመናው ሥር የሚወርደው ቀዝቃዛ ነፋስ ግን ይቀድመዋል፤ እሳቱን ያዞርባችኋል።»

ሁለቴ ተከራከርኳት። በሦስተኛው «በአላህ ይሁንብዎ!» ስትለኝ ድምጿ ተሰበረ። ዱዓውም ሳያልቅ፣ አካፋውንም ጥለን ወረድን። የመጨረሻው ሰው ከገደሉ አፍ እንዳለፈ ነፋሱ ዞረ፤ ስንቆፍረው የዋልነው መስመር ላይ ነበልባሉ ተኛበት። ዝናቡ የጣለው ማታ ነው። በማግስቱ እጀታው የነደደ የአካፋ ብረት ስንለቅም አረፈድን፤ ሃያ ቆጠርን። ከሰው ግን አንድም አልጎደለ።

ኋላ ልናመሰግን ስንመጣ ያቺን በእግር የቆመች ነጭ ሣጥን ከፍታችሁ አሳያችሁን። ስንት ዓመት በአጠገቧ ሳልፍ የንብ ቀፎ ትመስለኝ ነበር! ውስጧ ሁለት ቴርሞሜትር፣ አንዱ እርጥብ ጨርቅ የለበሰ፤ የሁለቱ ልዩነት በሰፋ ቁጥር አየሩ ደርቋል ማለት ነው አላችሁን። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ትንበያ ባለሙያው እሳት አጥፊዎቹ ከሰፈሩበት ሄዶ አብሯቸው እንደሚሰነብት ያኔ ሰማሁ። እናንተ በስልክ ሰነበታችሁልን።

አላህ ይስጥልን፤ እግዜር ያክብርልን።

ልናመሰግን በመጣን ቀን ተረኛ ስላልነበረች ያላገኘናት ልጅ ሆይ፣ የተሟገትኩሽ እኔ ነኝ፤ አፉ በይኝ። አንድ ቀን ነይና አቦሉን ጀባ እንበልሽ። ሼኻችን ያቋረጡትን ዱዓ አንቺ ሳትመጪ አልጨርስም ብለዋል።