የምድቦቹ ድምር ከጠቅላላ ሽያጩ ለምን ይበልጣል?

ውድ ደንበኞቻችን፣

የሽያጭ ሪፖርቱን በሠራተኛ ምድብ ስታወጡ የምድቦቹ ድምር ከጠቅላላ ሽያጩ በልጦባችሁ ጠይቃችሁናል። የገንዘብ ነገር ነውና ብትደነግጡ አይፈረድባችሁም። ብር ግን አልጠፋም፣ አልተጨመረምም።

ሲስተማችሁ የተሠራው በጃንጎ (የድረ ገጽ ፕሮግራሞች መሥሪያ ሶፍትዌር) ነው። ጃንጎ ላይ ምድብ የተፈጠረው በዋናነት ፈቃድ ለመስጠት ነው፦ ማን ይመዘግባል፣ ማን ያስተካክላል፣ ማን ያያል። ስለዚህ አንድ ሠራተኛ በአንድ ጊዜ የብዙ ምድብ አባል መሆን ይችላል። የሽያጭ መዝገቡ ደግሞ የሚያውቀው የሸጠውን ሰው ብቻ ነው። ሪፖርቱ ምድብ ለማግኘት ከሽያጩ ወደ ሠራተኛው፣ ከሠራተኛው ወደ ምድቡ መሄድ አለበት።

አንዲት ሠራተኛ «ካሸር»ም «ስቶር»ም ውስጥ አለች እንበል። የ1,000 ብር ዕቃ ሸጠች። ያው 1,000 ብር ካሸር ስር ይቆጠራል፣ ስቶር ስርም ይቆጠራል። ስትደምሩት 2,000 ይሆናል። ሪፖርቱ ግርጌ ላይ ያለውን ጠቅላላ ድምር እመኑት፤ እሱ የሚሰላው ምድብ ውስጥ ሳይገባ፣ ከደረሰኞቹ በቀጥታ ነው። ሁለት ምድብ መርጣችሁ ስትፈልጉም ሲስተሙ መጀመሪያ ሠራተኞቹን ይለያል፣ ከዚያ ሽያጫቸውን ያመጣል። ስለዚህ ደረሰኝ አይደገምም።

እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ሌላ ነው። ሪፖርቱ የሚያየው የሠራተኛውን የዛሬ ምድብ ነው። ጥር ላይ ከችርቻሮ ወደ ጅምላ የተዛወረ ልጅ የጥቅምት ሽያጩም ዛሬ ጅምላ ስር ይወጣል። ኮሚሽን በምድብ የምትከፍሉ ከሆነ የሰው ላብ ወደ ሌላ ሊሄድ ይችላል።

የምንመክራችሁ ይህን ነው፦ ሽያጭ ሲመዘገብ በየትኛው ክፍል እንደተሸጠ እዚያው ደረሰኙ ላይ ይያዝ። ያኔ ሠራተኛው ቢዛወርም፣ ሁለት ምድብ ቢኖረውም ሒሳቡ አይናጋም። ምድብ ለፈቃድ ብቻ ይዋል። የድሮዎቹን ደረሰኞች ግን ሲስተሙ ከራሱ ሊሞላቸው አይችልም። ማን ከመቼ እስከ መቼ የት እንደሠራ ከእናንተ ዝርዝር ያስፈልገናል።

አደራ፣ ሠራተኛ ሲለቅ አካውንቱን አትሰርዙት። «አክቲቭ» የሚለውን ምልክት ብቻ አንሱለት። መግባት አይችልም፣ የሸጠው ሁሉ ግን በስሙ ይቆያል።

ለውጡን የምትፈልጉ የክፍሎቻችሁን ስምና የዝውውር ዝርዝሩን ላኩልን፤ ከዚያ እንጀምራለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሶፍትዌር ክፍል