ያገለገለ ሞተር ሳይክል ዋጋው ከየት ይነሣ?

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በሰሜን ሸዋ ከተሞች ያገለገሉ ሞተር ሳይክሎች ሲሸጡ ሻጩም ደላላውም ለአሥራ አምስት ዓመቷ ሞተር ዋጋ የሚያወጡት «አዲሷ አሁን ስንት ገባች?» ከሚለው ተነሥተው ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የአዲሶቹ ዋጋ በማሻቀቡ፣ አንድ ብሎን እንኳ ያልተቀየረላት አሮጌ ሞተርም አብራ ትወደዳለች። ገዢው ገንዘቡን የሚያወጣው ለቀራት ዕድሜ ስለሆነ፣ ሒሳቡ መነሣት ያለበት ሞተሯን በደህና ለማስኬድ ከሚያስፈልገው ወጪ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን ወጪ ለመገመት ቆጣሪዋን ከማየት ይልቅ የት እንደሠራች መጠየቅ ይበጃል፤ የብዙዎቹ አሮጌ ሞተሮች ቆጣሪ ወይ ቆሟል ወይ ተቀይሯልና። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ጣርማ በር በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ የሚወርደው መንገድ ሞተርን ክፉኛ ይበላል። በተለይ እንደ ያማሃ ኤጂ 100 እና ዲቲ 125 ያሉት፣ ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚያቃጥሉት ቱ ስትሮክ ሞተሮች፣ ጋዝ ተዘግቶ ረጅም ቁልቁለት ሲወርዱ ለፒስተኑ የሚደርሰው ዘይት ይቀንሳል፤ በማርሽ የመያዝ አቅማቸውም አነስተኛ ስለሆነ ሸክሙ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ለዓመታት በዚያ መንገድ የተመላለሰች ሞተር፣ ቀለሟ እንደ ሙሽራ ቢያብረቀርቅም፣ ፒስተን፣ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) እና የፍሬን ሸራ እንደምትፈልግ ቆጥሮ መደራደር ተገቢ ነው።

በአንጻሩ ያለ አግባብ ዋጋ የሚቀነስበት ጉድለትም አለ። ካርቡራተር (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅል ክፍል) ያለው ሞተር ከባሕር ጠለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ በግምት ከጉልበቱ 10 በመቶ ያጣል፤ ስለዚህ በ2,800 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን ዳገት ላይ መድከሙ ብቻውን የሕመም ምልክት አይሆንም። ጥቁር ጭስና ጥላሸት የለበሰ ካንዴላም (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ብዙውን ጊዜ ቤንዚኑ ለስስ አየር መብዛቱን ስለሚያሳዩ በካርቡራተር ማስተካከያ ይድናሉ። እንደ ባጃጅ ቦክሰር ባለ፣ ዘይት ከቤንዚን ጋር ማቃጠል በማይገባው ፎር ስትሮክ ሞተር ላይ የሚታይ ሰማያዊ ጭስ ግን ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ስለሚናገር ወጪው ከበድ ይላል። ይህን ለማየት በማለዳ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ መድረስ ያስፈልጋል፤ ገዢ ሳይመጣ ሞተሩን አሙቆ የሚጠብቅ ሻጭ ጥቂት አይደለም፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ ለገዢ ጥሩ ምስክር ነው።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ለምሳሌ ያህል በከተማው ደህና የምትባል ተመሳሳይ ሞተር 90,000 ብር ብትሸጥ፣ መካኒኩ ለፒስተን፣ ለፋሻና ለቶርኖ ቤት 12,000፣ ለጎማና ለካቴና 10,000 ብር ቢገምት፣ 68,000 ይቀራል። ሳይከፈት የማይታየው ብልሽት ስላለ ከዚህ ላይ አንድ አሥረኛውን ቀንሶ 61,200 ብር መጨረሻዬ ብሎ መቆም ይቻላል። መካኒኩ ግን ደላላው የሚጠራው እንዳይሆን አደራ።

የሰነዱን ጉዳይ ከዚህ ቅናሽ ጋር መቀላቀል አይገባም። ሊብሬ የሌላት፣ ወይም የሻንሲ (የአካሏ ብረት) ቁጥሯ ተፍቆ የተመታባት ሞተር በርካሽ ብትቀርብም የምትገዛ አይደለችም። «ስሙን ኋላ እናዞራለን» ተብሎ በውክልና ብቻ የሚደረገው ሽያጭም ያሳስበኛል፤ ወካዩ ቢሞት ውክልናው ስለሚቀር፣ ገዢው ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ከወራሾች ጋር ሊሟገት ይችላል። ስለዚህ ስም እስኪዛወር ድረስ ከቀብድ ያለፈ ገንዘብ ባይሰጥ፣ የቀብዱም መጠን በጽሑፍ ውል ላይ ቢሰፍር መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን